ለቦጋለ የተወረወረች ቃል

አርብ አመሻሽ ላይ ላሊበላ በሚገኘው በዘሀራ ሻይ ቤት ስለ ሌላ ጉዳይ ማውራት ነውር ነው። በሌላው ቀን ሰው ስለ ቱሪስት መምጣትና መቅረት፣ ስለ መብራት መጥፋት፣ ስለ ጤፍ መወደድ ያወራል። አርብ ግን «የላይኛው ጋራዥ» የተባለው ተከታታይ ድራማ የሚተላለፍበት ቀን ነውና የሁሉም አፍ ላይ ያለው ቦጋለ ነው። ቦጋለ በድራማው ውስጥ ጎማ የሚቀይር፣ ሲጠጣ የሚያስቅ፣ ሳይጠጣ የሚያሳዝን ሰው ነው። መጀመሪያ ለሳቅ ብቻ ያስገቡት ይመስል ነበር። እያደር ግን ሰውየው ሥር ሰደደ፤ የሻይ ቤቱ ደንበኛም እንደ ገዛ ዘመዱ ይቆረቆርለትም ይሰድበውም ጀመር።

የማኅሌት ቦታ የታወቀ ነው፤ ከመስኮቱ ሥር፣ ከአግዳሚው ጫፍ። በአንድ ሎጅ እንግዳ ተቀባይ ናት። ከፊት ለፊቷ ደግሞ አስጎብኚው ደሳለ ይቀመጣል። ለምን ጎን ለጎን አይቀመጡም የሚል ካለ የቄስ ገብረመስቀልን ቤት አያውቅም ማለት ነው። ቄስ ገብረመስቀል የማኅሌት አጎት ናቸው፤ ወላጆቿ ካለፉ ጀምሮ እንደ ልጃቸው ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። የእሳቸው ልጅ ሽማግሌ ሳይላክባት ከወንድ ጎን ተቀምጣ ሻይ አትጠጣም። ማየትን ግን ማን ይከለክላል? ሁለቱ ዓመቱን ሙሉ ቴሌቪዥን የሚያዩ እየመሰሉ ሲተያዩ ነው የከረሙት።

ደሳለ ከኮን፣ ከዋድላ ገበሬ ቤት የወጣ ልጅ ነው። በጦርነቱ ዘመን እንግዳ ሲጠፋና ሥራ ሲቆም ከመጠጥ ጋር ተወዳጅቶ ነበር፤ ይህን ከተማው ሁሉ ያውቃል። ከዚያ ያወጡት ቄስ ገብረመስቀል መሆናቸውንም ያውቃል፤ የነፍስ አባቱ ናቸውና። አሁን ከዘሀራ ሻይ በቀር የሚቀምሰው የለም። ሰው ሲሞት መቃብር ለመቆፈር ከሁሉ ቀድሞ የሚደርሰው እሱ ነው። የእናቱ ቀብር መንገድ ተዘግቶበት ስላመለጠው ነው ይባላል፤ ሰውም ያዝንለታል። ይህ ደሳለ በመጪው እሑድ ለማኅሌት ሽማግሌ ሊልክ ቀን ቆርጧል።

የዚያን አርብ ድራማው እንዲህ ሆኖ አለቀ። የቦጋለ እናት ገጠር ሞተዋል፤ እሱ ግን «መኪና ተበላሸብኝ» ብሎ ቀብር ሳይደርስ ቀርቷል። ከዚያ በሰፈሩ የአንድ የማያውቀውን ሰው አስከሬን ተሸክሞ እያለቀሰ ሲሄድ ሟቹ ማን እንደሆነ ቢጠይቁት ስሙን እንኳ አላወቀም።

«አሁን ይሄ ሰው ነው?» አለ ልብስ ሰፊው ፈንታው፣ ሪሞቱን እንደ ሥልጣን ይዞ። «የማያውቁትን ሬሳ ተሸክሞ እዬዬ! የቦጋለ ነገር ተበላሽቷል በቃ። ሲጠጣ ይሻል ነበር።»

«ተው እንጂ ፈንታው» አለች ዘሀራ፣ ብርጭቆ እያለቀለቀች። «ሰውየው እየተለወጠ ነው። ወላሂ፣ የድሮው ቦጋለ ቢሆን ለቅሶ ቤት ሄዶ ንፍሮውን ዘግኖ ነበር የሚመለስ።»

«ከተለወጠ የገዛ እናቱ ቀብር ላይ ለምን አልተገኘም?»

«መኪናው ተበላሽቶ ነዋ።»

«መኪናው አልተበላሸም» አለች ማኅሌት።

ሁሉም ዞር አለ። የቦጋለን ነገር ቀድማ በመገመት ስሟ የወጣ ናት፤ ባለፈው ወር ከባለጋራዡ ጋር እንደሚጣላ የተናገረችው ከድራማው ቀድማ ነው።

«ጎማ ሲፈታ የሚውል ሰው መኪና ተበላሸብኝ ሲል እንዴት ታምኑታላችሁ? ሰክሮ ነበር። ጫማውን ሳያወልቅ ተኝቶ ነበር። ስልኩ ሲጮህ ሰምቶ ትራስ ሥር ከተተው። በኋላ ሲነቃ ሰው ፊት መቅረብ አፈረ፤ ቀረ። ያገኘውን ሬሳ ሁሉ የሚሸከመው ለዚህ ነው። እናቱን አልተሸከመማ።»

ማኅሌት ጥሩ ነገር ስትናገር ሁልጊዜ እንደምታደርገው ወደ ደሳለ ቀና አለች። ፈገግታውን ለምዳዋለች። ደሳለ ግን ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይዞ ጠረጴዛውን ያይ ነበር።

«ታዲያ ያቺን የሚወዳትን ልጅ ያገባታል ትያለሽ?» አላት ፈንታው።

መደመጥ ደስ ይላል፤ ሰው ሲያዳምጠን ደግሞ አንደበታችን ከልባችን ይቀድማል። «እናቱን ያልቀበረ ሰው ማንን ሊያገባ ነው?» አለች። ሰዉ ሳቀ። ፈንታው ጉልበቱን እየመታ ሳቀ።

ደሳለ ተነሣ። «ደህና እደሩ» ያለው ለቤቱ ሁሉ ነው። በእሷ በኩል ሲያልፍ አላያትም። ማኅሌት መንገድ ለመንገድ የዋለ ሰው ነው፣ ደክሞት ይሆናል ብላ ራሷን አጽናናች። ቤቷ ስትገባ ግን ራት አልበላ አላት።

እሑድ ቄስ ገብረመስቀል ከቅዳሴ ተመልሰው አዲሱን ጋቢያቸውን ለብሰው ተቀመጡ። ቤቱ ተጠርጎ ሣር ተጎዝጉዟል። ጎረቤት ሁሉ ጉዳይ ያለው እየመሰለ በደጃፍ ይመላለሳል። ማኅሌት ጓዳ ሆና የእግር ኮቴ በሰማች ቁጥር ነጠላዋን ታስተካክላለች። ከቀትር በኋላ አልፎ የመጨረሻዋ ፀሐይ ከአሸተን ማርያም ተራራ አናት ላይ ሸሸች፤ የመጣ ሰው የለም። የደሳለ ስልክ ዝግ ነው።

«አባባ፣ እርስዎ የሚያውቁት ነገር ይኖር ይሆን?» አለች በመጨረሻ፣ ሣሩን እያየች።

«ስለ ምን ልጄ?»

«ስለ ደሳለ። የቀረበትን ምክንያት።»

«የማውቀው ነገር የለም» አሏት።

ቶሎ ነበር የመለሱት። ማኅሌት ይህን መልስ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች። ስለ የትኛውም የንስሐ ልጃቸው ሲጠየቁ የሚሉት ይህንኑ ነው፤ ሲያውቁም ሳያውቁም። እና ያልተባለውን ሁሉ ራሷ ሞላችው። ሌላ ሴት አለችው ማለት ነው። ኮን ልጅ ትቶ ይሆናል። አጎቴ ያውቃሉ፤ አውቀውም እንደ ሞኝ ሣር ጎዝጉዤ እስክጠብቅ ዝም አሉ። በዚያች ማታ በዓለም ላይ ካሉ ወንዶች የምትወዳቸው ሁለት ነበሩ፤ በሁለቱም ተቆጥታ ተኛች።

ረቡዕ ዕለት ዘሀራ ከሎጁ በር ላይ ጠበቀቻት። ፊቷ እንደ ሌላ ጊዜ አይስቅም።

«ደሳለ አገሩ ገብቷል» አለቻት። «ሳይሄድ በፊት በአንድ ዲያቆን በኩል ለአጎትሽ መልእክት ልኮባቸዋል አሉ። ሌላ የነፍስ አባት ልያዝ፣ ያሰናብቱኝ ብሎ።»

ማኅሌት ቆመች። ሰው አገር ሲለቅ የነፍስ አባቱን ይቀይራል፣ ያለ ነው። ጉልበት ስሞ፣ ተመርቆ ነው የሚሰናበተው። ሳይሰናበት በሰው አፍ ልኮ የሚሸሽ የንስሐ ልጅ ግን ከቄሱ አንድ ነገር አይቷል ማለት ነው፤ ያ አንድ ነገር ምን እንደሆነ ላስታ ውስጥ ማስረዳት አያስፈልግም።

«ፈንታው አፉ አያርፍ፤ ምስጢር አውጥተውበት ይሆናል አለ» አለች ዘሀራ። «ዝም አሰኘሁት። ግን እኮ ሌላውም ይለዋል።»

ይለዋል ብቻ አይደለም፣ ብሎታል። በዚያው ሳምንት ሁልጊዜ ለጠበል ጸዲቅ የሚጠሯቸው አንድ ቤተሰብ ሌላ ቄስ ጠሩ። ቄስ ገብረመስቀል ምንም አላሉም፤ ዳዊታቸውን ዘርግተው ገጽ ሳይገልጡ ይቀመጣሉ።

«አባባ፣ ምስጢር አወጡ እያሉዎት ነው» አለቻቸው። «አልነገርኩም ይበሉ።»

«ምኑን አልነገርኩም ልበል ልጄ?»

«የነገረዎትን።»

«እንዲህ ካልሁ እኮ የነገረኝ ነገር አለ ማለቴ ነው።» ቀስ ብለው ዳዊቱን ዘጉት። «እኔ የማውቀው ነገር የለም።»

ያን ጊዜ ነው ማኅሌት የአጎቷን ዝምታ ትክክለኛ ክብደት ያየችው። ሌላው ሰው ስሙ ሲጠፋ አፍ አለው። እሳቸው ራሳቸውን ለማዳን አፋቸውን ቢከፍቱ፣ በከፈቱበት ቅጽበት ያሟቸው ሰዎች እውነተኛ ይሆናሉ። ተነሥታ ጉልበታቸውን ሳመች። እንባዋን እንዳያዩባት ወጣች፤ ስትወጣ ቁርጥ አድርጋ ነበር።

ያልታጨች ልጅ ብቻዋን ወንድ ፍለጋ ኮን ድረስ ብትሄድ ምን እንደሚባል ለማንም ግልጽ ነው። ስለዚህ ዘሀራ ምስር ልትገዛ ሄደች፤ ማኅሌት ደግሞ ልትሸከምላት። ከላሊበላ ጋሸና፣ ከጋሸና ሌላ ሚኒባስ ይዘው ወደ ኮን ሲያቀኑ የደጋው ብርድ በመስኮቱ ስንጥቅ እየገባ ይቆነጥጣል።

«እትዬ ዘሀራ፣ ቦጋለን ለምንድን ነው እንዲህ የምትወጂው?» አለቻት ማኅሌት።

ዘሀራ ሻሿን አጥብቃ አሰረች። «ሲጠጣ ያሥቀኝ ነበር እንጂ አልወደድኩትም። የወደድኩት ሲያፍር ያየሁት ቀን ነው። የሚያፍር ሰው ገና አልሞተም፤ ወላሂ።» ቀጥላ ደግሞ «አንቺ ግን ያን ቀን ጨከንሽበት» አለቻት። ለማኅሌት እስከ ኮን ድረስ ያ ሳቅ በጆሮዋ ነበር።

የገበያ ቀን ነው። ደሳለ ከአባቱ ገብስ ጋር ከገበያው ዳር ቆሞ አገኙት። ገጠሬ ልብስ ለብሶ፣ ጋቢውን አደግድጎ፣ ከስቷል። ሲያያት የያዘውን ቁና መሬት ላይ አስቀመጠ።

«ምነው መጣሽ?»

«አንተ ሳትመጣ ስትቀር ነዋ።»

ዘሀራ ከአጠገባቸው ካለች ምስር ሻጭ ፊት ቁጢጥ ብላ ምስሩን መዝገን ጀመረች። ጀርባዋን ሰጥታለች፤ ጆሮዋን ግን ማዞር አትችልም።

«ሌላ ሴት ካለችህ ንገረኝና ልሂድ» አለች ማኅሌት። «አጎቴን ግን ለምን አዋረድካቸው? ምን በደሉህ?»

«ሴት?» አለ ደሳለ። የምትቀልድበት መሰለው። «ማኅሌት፣ ተይ። እሳቸው ስለነገሩሽ አልከፋኝም። ልጄ ማንን እንደምታገባ ትወቅ ብለው ይሆናል፤ አባት ናቸው። አንቺ ግን በሰው ሁሉ ፊት፣ ቦጋለ ቦጋለ እያልሽ፣ ዓይን ዓይኔን እያየሽ…»

«ምንድን ነው የነገሩኝ?»

«ታውቂዋለሽ።»

«ምንድን ነው የነገሩኝ ደሳለ?»

«ሁሉንም!» አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጫማዬን ሳላወልቅ መተኛቴን። ስልኩን ትራስ ሥር መክተቴን። ይህን ከእግዚአብሔርና ከእሳቸው በቀር የሚያውቅ ሰው የለም።»

በገበያው ውስጥ ሰው ይጮሃል፣ በግ ይጮሃል፤ ለማኅሌት ግን ሁሉም ራቀባት። ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይዞ ጠረጴዛውን ሲያይ ታያት። የሻይ ቤቱ ሳቅ ትዝ አላት። የእሷ የራሷ ቃል መጣባት።

«እኔ ስለ ቦጋለ ነበር የማወራው» አለች። «ስለ አንተ ምንም አላውቅም ነበር። አሁን ነው የነገርከኝ።»

ደሳለ ለረጅም ጊዜ አያት። የሚፈልገው ውሸት ፊቷ ላይ አልነበረም።

«እሳቸው ምንም አላሉሽም?»

«እሑድ ስለ አንተ ስጠይቃቸው የማውቀው ነገር የለም አሉኝ። ሰው ምስጢር አወጡ ሲላቸውም እንደዚያው። ዝም እንዳሉ ትቻቸው ነው የመጣሁት።»

ደሳለ በገብስ ጆንያው ላይ ተቀመጠ። ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ማኅሌት እጇን ልትዘረጋ ፈለገች፤ ገበያ መሆኑ ያዛት።

«ታዲያ እንዴት አወቅሽው?» አለ ከጋቢው ውስጥ።

«እንጃ። ሰው በሞተ ቁጥር ከሁሉ ቀድመህ ስትቆፍር አይሃለሁ። ፊትህን አይ ነበር። ቦጋለን ሳይ ያንተ ፊት መጥቶብኝ ይሆናል፤ ሳላውቀው።»

«መንገዱ ክፍት ነበር» አለ ደሳለ። ቃሉ ከሆዱ ተነቅሎ የወጣ ይመስል ነበር። «ሰው ሁሉ ተዘግቶ ነው ይለኛል። አባቴ እስከዛሬ፣ ልጄን መንገድ አስቀረብኝ እያለ ለመጣው ሁሉ ያዝንልኛል። ያን ዕለት ግን መኪና ነበር። ቦታ የያዘልኝ ጓደኛዬ ደጅ ቆሞ ጡሩምባ ሲነፋ ሰምቻለሁ። አልተነሣሁም።» ቀና አለ። «ያልሽው ልክ ነው። እናቱን ያልቀበረ ሰው ማንን ሊያገባ ነው?»

ዘሀራ መዝገኗን ተወች።

«እኔን» አለች ማኅሌት።

ደሳለ የሰማውን ያላመነ መሰለ።

«እኔን ነዋ የሚያገባው። ሰው ለማሳቅ ብዬ ነው የተናገርኩት፤ ስናገረው ክፉ ነበርኩ። ይቅር በለኝ።» እንባዋ ወረደ፤ አልጠረገችውም። «አጎቴ ግን እንዲህ ስማቸው ጠፍቶ ሳለ ደስ ብሎኝ አላገባህም። የእሳቸውን ነገር አንተ ታውቃለህ።»

«ሴትዮ፣ ትገዢያለሽ ወይስ ትለቅሚያለሽ?» አለች ምስር ሻጯ በዚያ በኩል፣ ትዕግሥቷ አልቆ።

በመልሱ መንገድ ዘሀራ ምንም አልጠየቀቻትም። ማኅሌት የምስሩን ከረጢት ጭኗ ላይ አድርጋ በመስኮት ስታይ ሄደች። ደስ ብሏት ነው የፈራችው፣ ወይስ ፈርታ ነው ደስ ያላት፣ አልለይልሽ አላት።

በተከታዩ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አራት ሽማግሌዎች በቄስ ገብረመስቀል ደጃፍ ቆሙ። ማንም አልጠበቃቸውም፤ ሣር እንኳ አልተጎዘጎዘም። ፊት የቆሙት የደሳለ አባት፣ አቶ አድማሴ ነበሩ፤ ከኮን የመጡበት አቧራ ገና ከእግራቸው አልተራገፈም። ገብተው እንደ ወጉ ቆመው ቀሩ። የሽማግሌ ደንብ ነው፤ የመጣበት ጉዳይ ካልተሰማለት አይቀመጥም፤ ቁጭ በሉ ከተባለ ደግሞ ግማሹ እሺታ ተገኘ ማለት ነው። ማኅሌት ከጓዳ መጋረጃ ኋላ ቆማ ትሰማለች፤ ዘሀራ ክንዷን ይዛታለች።

«አባ፣ ከጉዳዩ በፊት ሌላ ነገር አለብኝ» አሉ አቶ አድማሴ። «ልጄ ይግባ። አግቢው ከሽማግሌ ጋር እንደማይመጣ አውቃለሁ፤ ደንብ ብናፈርስ ይፍቱን።»

ደሳለ ገባና ከቄሱ እግር ሥር ተንበረከከ። «አባ፣ በእርስዎ ላይ ክፉ አሰብኩ። ምስጢሬን ያወጡ መስሎኝ ሸሸሁ። በእኔ ጥርጣሬ ስምዎ ጠፋ።»

«የምን ምስጢር?» አሉ ቄስ ገብረመስቀል። ፊታቸው አልተለወጠም።

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አቶ አድማሴ በትራቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ።

«አባ፣ ለእኔም ነግሮኛል። መንገዱ ክፍት ነበር። ሰክሮ ነው እናቱን ሳይቀብር የቀረ።» «ስሰማው አንድ ቀን ሙሉ አላናገርኩትም። ኋላ ግን ይህን ይዞ እንዴት ኖረ ብዬ አለቀስሁ። ሰው ሁሉ ይስማው ብዬ ነው እዚህ የምናገረው፤ ያወራነው እኛ ነን፣ እርስዎ አይደሉም። እስካሁን ብቻዎን ይዘውልን ኖረዋል። እንግዲህ ይብቃዎት፣ ያካፍሉን።»

ዘሀራ ከመጋረጃው ኋላ «አብሽሪ» ብላ ለማኅሌት በጆሮዋ ሹክ አለቻት። አሁን አጎቷ መናገር ይችላሉ። አሁን ከስማቸው ላይ የተለጠፈውን ሁሉ በአንድ ቃል ማራገፍ ይችላሉ፤ አባትየው ራሳቸው በሩን ከፍተውላቸዋል።

«አቶ አድማሴ» አሉ ቄስ ገብረመስቀል። «ልጅዎ ለእርስዎ የነገረዎት የእርስዎና የእሱ ነው። እኔ የሰማሁት ነገር የለም።»

መስቀላቸውን አውጥተው የደሳለን ግንባር ዳሰሱ። «ተነሥ ልጄ» አሉት። ከዚያ ወደ ቆሙት ሽማግሌዎች ዞሩ።

«ምነው ቆማችሁ? ቁጭ በሉ እንጂ።»

ሽማግሌዎቹ አግዳሚውን እየተጋፉ ሲቀመጡ ማኅሌት መጋረጃውን በትንሹ ገለጥ አደረገች። ደሳለ ገና እንባውን አልጠረገም፤ አጎቷ ጋቢያቸውን እያስተካከሉ ምንም እንዳልተፈጠረ ስለ ዋድላ ገብስ ይጠይቃሉ። ከሁለቱ የትኛውን የበለጠ እንደወደደች በዚያች ሰዓት ብትጠየቅ መልስ አልነበራትም።